«ወላሂ ኦሪጅናል ነው»



በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ጫማ እንነጋገራለን። «የምንነጋገርበት ጠፍቶ ነው ወይ ወደ ጫማ የወረድነው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከአየር ጤና ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፈው ጫማ ከሚደረድሩት ወንድሞቻችን ዘንድ ጎራ ብሎ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ፣ እዚያ ከጫማው ጋር አብሮ የሚሸጥ አንድ ቃል እንዳለ ያውቃል። ቃሉም «ኦሪጅናል» የሚለው ነው። ያለዚህ ቃል በ1,500 ብር የሚሸጥ ጫማ፣ ቃሉ ሲጨመርበት 5,000 ብር ሊጠራ ይችላል። ቃሉ ብቻውን አልበቃ ሲል ደግሞ የአላህ ስም ይታከልበታል፤ «ወላሂ ኦሪጅናል ነው!» ይባላል።

ጉዳዩን ያነሣነው ከዚያው ከቆሼ አካባቢ በደረሰን ጥያቄ ምክንያት ነው። ጠያቂያችን አዲስም ያገለገለም ጫማ እየገዛ መልሶ የሚሸጥ ወጣት ሲሆን፣ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን የሚያኖረው በዚሁ ሥራ ነው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ደንበኛው «ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ብዙውን ጊዜ እሱም አያውቅም። አላውቅም ካለ ትቶት ይሄዳል፤ አጠገቡ ያለው ነጋዴ ምሎ ይሸጥለታል። ታዲያ ምን ይበል?

«እውነቱን ተናገር» ብሎ መልሶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ወንድማችን የጠየቀን ውሸት ሐራም መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። ያስጨነቀው እውነቱ ራሱ የቱ እንደሆነ አለማወቁ ነው። ስለዚህ ከነጋዴው ምላስ በፊት ከጫማው ምላስ እንጀምር።

ወደ አካባቢው ጫማ የሚመጣበት መንገድ አንድ አይደለም። አንደኛው ሰፈሩ ስሙን ያገኘበት ክምር ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ረጲ ላይ መጣል የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ብረቱን፣ ፕላስቲኩን፣ ጨርቁንና ጫማውን እየለቀመ ልጅ አሳድጎበታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸውን የማያስታውስ የለም። ከክምሩ የተለቀመው ዕቃ ተለይቶ ወደ መርካቶ፣ ይልቁንም ወደ ምናለሽ ተራ ይወርዳል፤ ደህናው ጫማ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ሰፈር ታጥቦ ይሸጣል። ሁለተኛው መንገድ ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩትና ከዱባይ የሚመለሱ እህቶቻችን ሻንጣ ነው። አሠሪዋ ጥቂት ጊዜ አድርጋ የሰጠቻት፣ ወይም እህታችን ራሷ ለወንድሟ ብላ የገዛችው ጫማ ብር ሲቸግር ለገበያ ይወጣል። ሦስተኛው ከመርካቶ በጅምላ የሚመጣው ነው። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም፣ በድብቅ ከሚገባው ሰልባጅ ጋር ጫማውም አብሮ ይመጣል። የቆራሌውንም አንርሳ፤ ሀብታም ሰፈር ገብቶ በፕላስቲክ ሣህን ለውጦ የሚያወጣው ጫማ አንዳንዴ ከሱቅ ከሚገዛው ይበልጣል።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ አንድ ላስቲክ ላይ ሲደረደሩ እውነተኛውና ሐሰተኛው እንዴት ይለያል?

በቅድሚያ ሐሰተኛ ጫማ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አለመሆኑን እንወቅ። የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት ኦኢሲዲ ከአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ንግድ ውስጥ የተዘዋወረው ሐሰተኛ ዕቃ 509 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይገመት ነበር። በጉምሩክ ከተያዘው ሐሰተኛ ዕቃ ውስጥ አንደኛ የነበረው ደግሞ ጫማ ነው፤ በዋጋ ሲሰላ 22 በመቶውን ይይዝ ነበር። ስለዚህ «ከዱባይ የመጣ ነው» ወይም «ከአሜሪካ የተላከ ነው» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሐሰተኛው እዚያም ይሸጣል።

የሰፈራችን ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ግን ሌላ ነው። ጫማውን ገልብጦ «ቻይና» የሚል ጽሑፍ ካየ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። የናይክና የአዲዳስ ጫማዎች በአብዛኛው የሚሠሩት አሜሪካና ጀርመን ሳይሆን ቬትናም፣ ኢንዶኔዥያና ቻይና ነው። ፑትየን የምትባለው የቻይና ከተማ በሐሰተኛ የስፖርት ጫማ ስሟ የገነነው አስቀድሞ እውነተኛውን የሚሠሩ ፋብሪካዎች እዚያ ስለነበሩ ነው። እውነተኛውን ሲሰፋ የዋለ እጅ ሐሰተኛውንም አሳምሮ ይሰፋዋል። በዚህም ምክንያት የአገሩ ስም ጫማውን አያጸድቀውም፣ አይኮንነውምም።

ይባስ ብሎ በእኛው አገር የተሠራውንም እንጥላለን። ጥር 2004 ዓ.ም. ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ኩባንያ ዱከም በሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሥራ ጀምሮ፣ ጌስን ለመሰሉ የአሜሪካ ስሞች የሴቶች ጫማ እየሠራ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። እንዲህ ያለው ጫማ ውስጡ «ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ አለው። ይህንን ጫማ ከውጭ የመጣች እህት ለገበያ ብታወጣው፣ «ጌስ ብሎ ኢትዮጵያ! ይህስ የመርካቶ ነው» ተብሎ በሩብ ዋጋ ይወሰድባታል። የዱከም ልጆች የሰፉት እውነተኛ ጫማ መሆኑን የሚነግራት የለም።

አሁን ጫማውን አንሡና ምላሱን ገልብጣችሁ ከውስጥ በኩል ተመልከቱ። በብዙ የስፖርት ጫማ ላይ እዚያ ትንሽ ጨርቅ ወይም ኅትመት ይገኛል፤ ልኩ፣ የተሠራበት አገርና የሞዴሉ መለያ ቁጥር ይሰፍርበታል። በናይክ ጫማ ላይ መለያው መጀመሪያ ስድስት፣ ከሰረዝ በኋላ ደግሞ ሦስት አኃዝ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ከፊት ፊደል ይገባበታል። ስድስቱ ሞዴሉን፣ ሦስቱ ቀለሙን ያመለክታሉ። ለምሳሌ ልጆቻችን «ኤርፎርስ» የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ጫማ፣ ሙሉ ነጩ ለብዙ ዓመታት 315122-111 በሚል ቁጥር ይታወቅ ነበር። ይህ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። በስልክ ሲፈለግም ያንኑ ሞዴልና ያንኑ ቀለም ማምጣት አለበት። በእጃችሁ ጥቁር ጫማ ይዛችሁ ቁጥሩ ነጭ ጫማ ካመጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። አዲዳስ ላይ ደግሞ የግራውና የቀኙ ጨርቅ የየራሱ ተከታታይ ቁጥር ይኖረዋል፤ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ከተገኘ መጠርጠር ይገባል፤ ሐሰተኛውን የሚሠራው ሰው አንዱን ጨርቅ ብቻ አባዝቶ ይሰፋልና።

ነገር ግን ቁጥሩ መግጠሙ ጫማውን እውነተኛ አያደርገውም። ምልክቱን የገለበጠ ሰው ቁጥሩን ከመገልበጥ አይመለስም። ስለዚህ ቁጥሩ ሐሰተኛውን ለመያዝ እንጂ እውነተኛውን ለመመስከር አይበቃም። መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ሐዲስ ሲመረምሩ ቃሉ ማማሩን ብቻ አይተው አልተቀበሉም፤ ከማን ተሰምቶ በእነማን በኩል እንደደረሰ፣ ማለትም ሰነዱን ጠይቀዋል። በአማርኛችን ደግሞ ሰነድ ስንል ወረቀት ማለታችን ነው። ለጫማም ሁለቱም ያስፈልጉታል። ከማን ገዛኸው? እሱስ ከማን አገኘው? ደረሰኝ አለው? ካርቶኑ የት አለ? ከክምር ላይ የተለቀመ ጫማ ሰነዱ የተቆረጠ ነው፤ ይህ ጥፋት አይደለም፣ ነገር ግን መቆረጡ መነገር አለበት።

ከቁጥሩ ቀጥሎ እጅና ዓይን ይሠራሉ። በዚህ ረገድ ከብዙ ነጋዴ ይልቅ ጫማ ሰፊውን እናምናለን። ሃያ ዓመት ሶል የቀየረ ሰው አንድ ጫማ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያየው ምልክቱን አይደለም። ሁለቱን እግር ጎን ለጎን አስቀምጦ ከተረከዙ በኩል ያያቸዋል፤ ቁመታቸው እኩል ነው? ምልክቱ በሁለቱም ላይ አንድ ከፍታ ላይ ነው ያረፈው? ቀጥሎ የስፌቱን ክር ይከተላል። እውነተኛውም አንዳንድ ጊዜ የተንሻፈፈ ስፌት አያጣውም፤ ሆኖም ክሩ የረዘመ፣ የተደራረበና መታጠፊያው ላይ የተዝረከረከ ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል። ከዚያም ሶሉን ጎንበስ አድርጎ ያጥፈዋል፤ መታጠፍ በሚገባው በጣቶች መሠረት ላይ ነው ወይስ በመካከል እንደ ካርቶን ነው የሚሰበረው? በመጨረሻ ገበሩን ከፍ አድርጎ ውስጡን ይመለከታል። ሐሰተኛውን የሚሠሩት ከላይ የሚታየውን አሳምረው፣ ወጪ የሚቆጥቡት ከማይታየው ላይ ነው።

ቆዳን በተመለከተ የእኛ አንባቢ ትምህርት አያስፈልገውም ብለን እናስባለን። ለዐረፋ በግ አርዶ የገፈፈ ሰው የቆዳ ቀዳዳ ሁሉም ቦታ አንድ እንዳልሆነ፣ ጀርባው ላይ የጠበበው ሆዱ ላይ እንደሚላላ ያውቃል። በማሽን የታተመ ላስቲክ ግን አንዱ መስመር ሌላውን እየደገመ ይሄዳል። ሆኖም እዚህም ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ ብዙ እውነተኛ የስፖርት ጫማ ከመጀመሪያውም ከቆዳ የተሠራ አይደለም። ቆዳ አለመሆኑ የሚያስከስሰው ሻጩ ወይም ጽሑፉ «ቆዳ ነው» ካለ ብቻ ነው።

ሽታንም የሚጠቅሱ አሉ። አዲስ ሐሰተኛ ጫማ ካርቶኑ ሲከፈት ማስቲሹ አፍንጫ ይመታል ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ከክምር ለተገኘ ጫማ ግን ይህ አይሠራም፤ የሚሸተው ሌላ ነውና! ሱቆች ውስጥ የብር ኖት የሚፈተሽባት ሐምራዊ መብራትም ትረዳለች። ጨለም ያለ ቦታ ላይ ጫማው ሲበራበት በስፌቱ ዳር የተሰመረ መስመርና የፈሰሰ ማስቲሽ ሊታይ ይችላል፤ በሐሰተኛው ላይ ይህ ይበዛል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ጫማ ሰፊ ዘንድ የተለጠፈ እውነተኛ ጫማም እንደዚያው ያበራል። ለዚህ ነው አንድ ምልክት ይዞ መፍረድ የማይገባው።

የሴቶቹ ውድ ጫማና ቦርሳ ከዚህ ይከብዳል። የጉቺን፣ የሉዊ ቪቶንን ወይም ሶሉ ቀይ የሆነውን የሉቡታንን ጫማ እዚህ አገር ከእውነተኛው ጋር አስተያይቶ የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ሉዊ ቪቶን ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ቀድሞ በዕቃው ውስጥ ያትመው የነበረውን ኮድ ትቶ በዓይን የማይታይ ቺፕ ወደ ማስገባት ዞሯል። በእጃችሁ ይዛችሁ የማታውቁትን ነገር በፎቶ ብቻ አይታችሁ «ኦሪጅናል ነው» ማለት ምስክርነት ሳይሆን ግምት ነው።

ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። ከላይ የጠቀስነውን ሁሉ ቢያደርግ ሦስት ዓይነት ጫማ በእጁ ይቀራል፦ እውነተኛነቱ የታወቀ፣ ሐሰተኛነቱ የታወቀ፣ ያልታወቀ። ገበያው የሚያውቀው ሁለት ስም ብቻ ነው፤ ወይ ኦሪጅናል ወይ ፎርጅድ። ጭንቀቱ ሁሉ የመጣው ሦስተኛው ስም ስለጠፋ ነው።

ሦስተኛውን ስም መጥራት ግን ግዴታ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ስላገኙት ባለቤቱን የገሠጹትን ታሪክ ሁላችንም በኹጥባ ሰምተነዋል። ሰውየው ዝናብ እንደመታው ተናግሯል፤ ማርጠቡ የእሱ ጥፋት አልነበረም። የተወቀሰው እርጥቡን ሰው በሚያየው ላይኛው በኩል ስላላደረገው ነው። እንደዚሁም ግመልን ወይም በግን ለሽያጭ ሲሉ ሳያልቡ አቆይተው ጡቷ ሞልቶ እንዲታይ ማድረግን ከልክለዋል፤ እንዲህ ያለችውን የገዛም ሰው እስከ ሦስት ቀን ድረስ መልሶ የመስጠት ምርጫ አድርገውለታል። የገጠር ዘመድ ያላችሁ ይህ ዘዴ ዛሬም እንዳልጠፋ ታውቃላችሁ። የተላላጠውን ጫማ በቀለም ሸፍኖ፣ የወለቀውን ሶል በማስቲሽ ለጊዜው አጣብቆ ማቅረብ ከዚያ በምን ይለያል? «እንዳለ ነው የሸጥኩት» በሚለው ቃል ሕግጋት ላይ ዑለማዎች ዝርዝር አላቸው፤ የሚያውቀውን ዐይብ የደበቀ ሰው ኃጢአተኛ መሆኑ ግን አያከራክርም።

መሐላው ደግሞ የብቻው ነው። በንግድ መሐላ ማብዛት ዕቃውን ቢያሸጥም በረካውን እንደሚያጠፋ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተላልፏል፤ ይህ እውነቱን ለሚምለው እንኳ ነው። ሳያውቅ «ወላሂ» የሚል ወንድማችን ለጥቂት መቶ ብር ብሎ አላህን የማያውቀው ጉዳይ ላይ ምስክር አድርጎ እያቆመ መሆኑን ቢያስብ ጥሩ ነው።

«እንዲህ ካልኩ ማን ይገዛኛል?» ለሚለው መልሳችን፣ ያልታወቀ ጫማ ያልታወቀ ጫማ ዋጋ አለው የሚል ነው። እንበል እውነተኛው 6,000፣ ሐሰተኛው 1,500 ብር የሚያወጣ ጫማ ነው። ወንድማችን «ቁጥሩ ገጥሟል፣ ስፌቱ ደህና ነው፣ ከማን እንደመጣ ግን አላውቅም፤ 2,500 ብር ውሰደው» ቢል ገዢው የሚገዛውን አውቆ ይገዛል። በዚህ ላይ በቁራጭ ወረቀት «ሐሰተኛ መሆኑ በባለሙያ ከታየ በሦስት ቀን ውስጥ ብሩን እመልሳለሁ» ብሎ ጽፎ ስልኩን ቢሰጠው፣ አጠገቡ ምሎ ከሚሸጠው ነጋዴ የተለየ ነገር አቀረበ ማለት ነው። የሚምለው ሰው ይህንን ወረቀት አይጽፍም። መጀመሪያ ላይ ገዢ ሊቀንስ ይችላል፤ አይቀንስም ብለን አናታልለውም። ሥራው ግን ሰፈር ውስጥ ነው፤ ገዢው ነገ በዚያው መንገድ ያልፋል፣ ጁሙዓ ላይም አጠገቡ ይቆማል።

ሐሰተኛነቱ የታወቀውንስ «ኮፒ ነው» ብሎ መሸጥ? ብዙ ሰው በዚህ ነጻ የወጣ ይመስለዋል። ገዢው ከመታለል ድኗል፤ የምልክቱ ባለቤት መብት ግን አለ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው አምስተኛ ጉባኤው፣ በውሳኔ ቁጥር 43 የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክትና የድርሰት መብት ዋጋ ያላቸውና በሸሪዓ የሚጠበቁ መብቶች መሆናቸውን ወስኗል። የአገራችንም የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 በዚሁ ጉዳይ የወጣ ነው። «እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ምን ይጎዳቸዋል?» የሚሉ አሉ። አገራችን ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉት የቡና ስሞች መብቴ ናቸው ብላ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ስትስማማ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ከዚያው ከቆሼ አጠገብ ዘነበወርቅ ላይ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. የጀመረችው ሶልሬብልስ፣ አባቶቻችን በረባሶ ከሚሠሩበት የመኪና ጎማ ሶል እየቆረጠ ጫማውን ባሕር ማዶ አድርሷል። ይህ ስም በሌላ አገር ሐሰተኛ ጫማ ላይ ቢለጠፍ የዘነበወርቅ ሠራተኛ እንጀራ እንደሚነካ ማንም አይስተውም። ስለዚህ ባጭሩ፣ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ በጅምላ ገዝቶ መነገድን አንመክርም። ከክምር ያገኘውን አንድ ጥንድ «ኮፒ ነው» ብሎ ለጎረቤቱ የሚሸጠውን ድሃ ግን ከጅምላ ነጋዴው ጋር አንድ ላይ አንቆጥረውም።

ስለ ክምሩ ዕቃ ራሱ የሚጠይቁም አሉ። ባለቤቱ በቃኝ ብሎ የጣለውን ያነሣ ሰው የራሱ ይሆናል፤ ሐፍረትም የለበትም። በጫማው ውስጥ ብር ወይም ወርቅ ቢገኝ ግን ባለቤቱ ወዶ የጣለው አይደለምና የሉቀጣ ሕግ ይመለከተዋል፤ መነገርና ባለቤቱ መፈለግ አለበት። ጫማው በሳሙና በደንብ ታጥቦ፣ ገበሩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሳይደርቅ መሸጥ የለበትም። ከየት እንደመጣ ገዢው ከጠየቀ ይነገረው። «ቆሼ ከተባለ ዋጋው ይወድቃል» የሚባለው እውነት ነው፤ ሰፈሩ ሳይበድል የተሸከመው ስም አለ። ይህ ግን ገዢውን ለመዋሸት ፈቃድ አይሆንም።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ ሻጩ ነው። የበለጠ የሚያሳዝነን ሌላ ማታለል አለ፤ እሱም በገዢው በኩል የሚደረገው ነው። ጫማ የሚያውቅ ነጋዴ ክምሩ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ በጭስና በአቧራ ውስጥ ስትለቅም የዋለች እናት አንድ ጥንድ ይዛ ስትወጣ፣ ተቀብሎ ምላሱን ገልበጥ ያደርግና ቁጥሩን ያነባል። እውነተኛ መሆኑን ያውቃል። «ፎርጅድ ነው እማዬ፣ 100 ብር ልስጥሽ» ይላታል። እሷም የልጇን ራት አስባ ትሰጠዋለች። ማታ ፎቶውን አንሥቶ በስልክ በ5,000 ብር ለገበያ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ወላሂ ኦሪጅናል ነው» ይላል። ያው ጫማ ጠዋት ፎርጅድ፣ ማታ ኦሪጅናል!

አትራፊ መሆን አልተከለከለም፤ ዕውቀትም ዋጋ አለው። የገዢ ዝምታና የገዢ ውሸት ግን አንድ አይደሉም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከገጠር ዕቃ ጭነው የሚመጡ ቅፍለቶችን፣ ገበያ ደርሰው ዋጋውን ሳያውቁ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል፤ የተሸጠበትም ባለቤት ገበያ ሲደርስ ሽያጩን የማፍረስ ምርጫ እንዲኖረው አድርገዋል። ክልከላው የመጣው ዋጋ የማያውቀውን ሰው ለመጠበቅ ነው። በእኛ ከተማ ቅፍለቱ ከክምሩ የሚወርዱት እናቶችና ልጆች ናቸው። ነጋዴው «ፎርጅድ ነው» ብሎ እያወቀ ዋሽቷቸው ከገዛ፣ የተረፈው ብር እጁ ላይ የሰው ሐቅ ነው፤ ቀሪውን ዋጋ ፈልጎ ማድረስ አለበት።

ነጋዴው እስኪያደርገው መጠበቅ ግን የዋህነት ይሆናል። በክምሩ ዙሪያ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ደህና የሚመስል ጫማ ሲያገኙ ለመጀመሪያው ጠያቂ በዚያው ሰዓት አይስጡት። ቤት ይዘው ይግቡ፣ ይጠቡት፣ ያድርቁት፤ በማግሥቱ አየር ጤና ካለ ጫማ ሰፊ ዘንድ ያሳዩት፤ ከሁለት ሰው ዋጋ ይጠይቁ። በየቤቱ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አለ፤ ከምላሱ ሥር ያለውን ቁጥር ደብተሩ ላይ ገልብጦ በጎረቤት ስልክ ለመፈለግ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ይበቃል።